በቁሟ የተለቀሰላት

ደጀኔ የዚያን ዕለት ያጠፋው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ ጎህ ሲቀድ መሄዱ። ሌላው ሁሉ በወጉ ነበር። ሽማግሌዎቹን አስቦበት መርጧል። ነጠላውን አሳጥቦ ለብሷል። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚባል ተነጋግረው ጨርሰዋል። የዘነጋው፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛችባቸው እናትና አባት ገና በወጉ ሳይነጋ በራቸው ሲንኳኳ ምን እንደሚመስላቸው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይዘነጋል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። የቸኮለበትን ምክንያት ስትሰሙ ግን እንደ እኔ ዝም ትላላችሁ።

አትጠገብ የግራዝማች ወልደዮሐንስ አንድያ ልጅ ናት። ግራዝማች ከፍስሐ ገነት ወዲያ ሰፊ የቡና መሬት፣ ዲላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ባለ ትልቅ በረንዳ ቤት አላቸው። ደጀኔ የጭሰኛቸው ልጅ ነው። አባቱ ከዚያ በረንዳ ሥር ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ሲጠብቁ እያየ ነው ያደገው። ተቀመጥ ያላቸው ሰው አልነበረም። ልጅየው ግን ሚሲዮኖች አስተምረውት ዲላ ትምህርት ቤት ገባና ከአትጠገብ ኋላ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለእናንተ ለመንገር ብዙ አልደክምም። በዓይን ጀመሩ፤ ለዓመታትም ከዓይን አላለፉም። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ሰው ዘወር ሲል «አንቺ»። እሷም ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት ስትል ብቻ በገበያ ቀን የማትፈልገውን ክር ስትገዛ ትውላለች።

ግራዝማች ነገሩን ሲደርሱበት አልጮኹም። ልጃቸውን አስጠርተው፣ «ለጭሰኛዬ ልጅ ከምሰጥሽ ሬሳሽን ብሸኝ ይሻለኛል» አሏት። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ክረምቱ ሲገባ አትጠገብ ታመመች። ድዷ ይደማል፤ ሳይነኳት ገላዋ ይበልዛል፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ወባ ነው ብለው ወደ ሚሲዮኑ ክሊኒክ አመጧት። ደጀኔ የክሊኒኩ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርና ጣቷን ወግቶ ደሟን መስታወት ላይ የቀባው እሱ ነው። አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ወባ አላገኘም። ያገኘው ትልልቅ፣ ገና ሳይበስሉ ከመቅኔ ወጥተው ደሟን የሞሉ ነጭ ሴሎችን ነው። መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ቢያንቀሳቅስ ሌላ ነገር የለም፤ እነሱው ናቸው። የሚወዳትን ሴት በጣቷ ጫፍ የያዘበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነበር፤ በሽታዋን ያየበትም ቀን ያው ነው። ሁለቱን ነገሮች ከዚያ በኋላ ለይቶ ማሰብ አልቻለም።

ስሙ የደም ካንሰር ነው፤ ያውም ፈጥኖ የሚገድለው ዓይነት። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ይህን በሽታ የሚመራመሩ ዶክተር ጽጌማርያም የሚባሉ ሐኪም ነበሩና አትጠገብን ወደ እሳቸው ላኳት። ደጀኔንም ዶክተሩ ጠርተው ሥራውን እንዲማር ላቦራቶሪያቸው ውስጥ አስገቡት። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ግን የልጃቸውን ደም የሚያውቀውን ሰው መከልከል ፈሩ።

መርፌው ጸጉሯን አረገፈው። ክኒኑ ፊቷን አሳብጦ ክብ አደረገው። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ዶክተር ጽጌማርያም ደጀኔን ጠርተው ማይክሮስኮፑን ለቀቁለት።

«እይ» አሉት።

አየ። ከዳሌ አጥንቷ የተቀዳው መቅኔ ነው። እነዚያ ትልልቆቹ አንዳቸውም የሉም።

«ዳነች ማለት ነው?»

«ጋብ አለላት ማለት ነው። ዳነች የሚለውን ቃል በዚህ በሽታ ላይ እስከ ዛሬ አልተጠቀምኩበትም» አሉ ዶክተሩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና እንደ እኩያቸው አጫወቱት። መድኃኒቱ የሚያገኘውን ይገድላል። የማያገኘው ግን አለ፤ ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱ በደንብ የማይገባበት ጓዳ አለ፤ ለምሳሌ አንጎልንና አከርካሪን የከበበው ውሃ። እዚያ ጥቂቶቹ ተደብቀው ይቀሩና ሰው ረስቷቸው ሳለ ይመለሳሉ። «እዚህም ሆነ ውጭ አገር በዚህ በሽታ ላይ የምንሠራ ሁላችንም እነዚያን የተደበቁትን ነው የምንፈልገው። ለአንዱ በሽተኛ አንድ ክኒን፣ ለሌላው ሁለት እየሰጠን የቱ ይበልጥ እንደሚያቆያቸው እናያለን። ሕፃናት ላይ ዓመታት የቆየላቸው አሉ። በእሷ ዕድሜ ግን...» አሉና ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አትጠገብ ሆስፒታሉ ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት። ሁሉንም ታውቃለች፤ ዶክተሩን ራሷ ጠይቃ ነግረዋታል። የእሷን ደምና መቅኔ ለምርምሩ እንዲወስዱም ፈቅዳለች።

«ደምሽ ሲጠራ ሽማግሌ እልካለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«እልካለሁ።»

«ዛሬ ተሳፈር እንግዲህ። እኔም ዶክተሩ ሲለቁኝ እከተልሃለሁ።» ቆየችና ክንዱን ያዘችው። «አንድ ነገር ግን ማልልኝ። እንደሚመለስ ለአባባ እንዳትነግር። ታዝኖልኝ አልዳርም።»

ማለላት። የቸኮለው ለዚህ ነው።

* * *

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አቶ ረሻድ፣ የግራዝማችን ቡና በመኪናቸው የሚጭኑ፣ ግራዝማችም ቃላቸውን የሚሰሙላቸው ነጋዴ። ሁለተኛው አቶ ጅግሶ፣ ከቡሌ በእግራቸው የወረዱ የደጀኔ አጎት፣ ወንጌላዊ። ግራዝማች ወደ ቡና ማጠቢያቸው ሳይወጡ እንያዛቸው ተባባሉና በማለዳ ሄዱ። ዲላ ጭጋግ ለብሳለች።

በሩን የከፈቱት እናቷ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፤ ገና ፊታቸውን አልታጠቡም። መጀመሪያ አቶ ረሻድን አዩ። ቀጥሎ ዱላ የተመረኮዙ የማያውቋቸውን ሽማግሌ። ከሁለቱ ኋላ ደጀኔን አዩት። አዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር መሆን የነበረበት ደጀኔ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የደፋው አፍሮ ነው። እሳቸው ግን እፍረት አላዩበትም።

«ደኅና አደራችሁ? ግቡ... ተቀመጡ እንጂ» አሉ ድምፃቸው እየሳሳ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ጅግሶ። ሚስት ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና እንደ ወጉ ነው የተናገሩት። መርዶ ሊያረዳ የመጣም ሰው በጎህ ነው የሚመጣው። እሱም ቆሞ ነው የሚናገረው።

ወይዘሮ አሰገደች ቀጣዩን ቃል አልጠበቁም። «ልጄን» ብለው ጮኹና ሁለቱን ጉንጮቻቸውን በጥፍራቸው ቧጨሩ። ጎረቤቱ ለወራት ይህን ጩኸት ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አጥሩን እየዘለለ ገባ። ደጀኔ ደኅና ናት ይላል፤ የሚሰማው የለም። አቶ ጅግሶ በዚያ በቡሌ አማርኛቸው፣ «ልጅቷ አልሞተም፣ ኧረ ደኅና ነው» እያሉ ይለምናሉ። ሰው ግን ማጽናኛ መስሎት የባሰውን አለቀሰ። አንዱ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ ሊጠራ ሮጠ። ሌሎቹ ልብሷን ከሳጥን አወጡ፤ ፎቶግራፏን ከግድግዳ አውርደው አቅፈው ሲያለቅሱ መስታወቱ ተሰበረ።

ግራዝማች በባዶ እግራቸው ወጡ። አልጮኹም። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉና ሰው ሁሉ እየሰማ ከራሳቸው ጋር ይነጋገሩ ጀመር።

«በአፌ ነው የገደልኳት። ሬሳሽን ልሸኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰማኝ፣ ሰጠኝ። መልሱልኝና ለደጀኔ ልስጣት። ልጄን ብቻ መልሱልኝ፤ በገዛ እጄ ለደጀኔ ልስጣት።»

ደጀኔ ይህን ሰማ። ስንት ዓመት ሊሰማው የተመኘው ቃል ነው፤ እንዲህ ሆኖ ግን አልነበረም። ከዚያ ያደረገውን ጭሰኛ ቀርቶ ዘመድም አይደፍረውም። ወይዘሮ አሰገደች ፊታቸውን እንደገና ሊቧጭሩ ሲሉ ሁለቱን እጆቻቸውን ጨብጦ ያዘና ጆሯቸው ሥር፣ «ጸጉሬ እስኪበቅል እናቴ ቢጫዋን ሻሽ ትላክልኝ ብላለች» አላቸው። «የፋሲካዋን። ሌላዋን ከላከች አላስርም ብላለች።»

እናትየው ቀና ብለው አዩት። እንዲህ ብላ የምትሞላቀቅ ልጃቸው ብቻ ናት። ደጀኔ ላይ ተደገፉ፤ ለቅሶው እንደ ጠፋ ፋኖስ በአንዴ ቀጥ አለ። ከሩቅ የእድሩ ጥሩምባ መነፋት የጀመረው ግን ገና ያን ጊዜ ነው።

ግራዝማች ከደረጃው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ ደኅና ከሆነች በዚህ ሰዓት ምን አመጣችሁ?»

አቶ ረሻድ፣ «ለጋብቻ ነበር ግራዝማች» አሉ፤ የገዛ ድምፃቸው አስጠላቸው።

ግራዝማች ደጀኔን ብቻ አዩት። ፊታቸው ላይ እንባው ገና አልደረቀም።

«ሆን ብለህ ነው» አሉት። «ሆዴን አስከፍተህ ልትሰማ ነው በጎህ የመጣኸው። ሰማህ፤ በቃህ። ለደሟ ትመጣለህ፤ ሐኪም ያዘዘው ነውና አልከለክልም። ለሌላ ነገር ግን በዚህ በር እንዳላይህ።»

ደጀኔ ከበሩ ሲወጣ ጥሩምባውን ሰምተው እያለቀሱ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ተጋፋ። አንዲት ሴት አቅፋ አጽናናችው። ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶት አያውቅም።

* * *

አትጠገብ በቀጣዩ ሳምንት ከአክስቷ ጋር በአቶ ረሻድ መኪና ዲላ ገባች። በመንገድ ያያት ሰው ቆሞ ያማትባል። ሕፃናት እስከ ግቢው በር ተከተሏት፤ አንዷ ደፍራ ቀሚሷን ነካችና ሮጠች።

በእናቷ ጉንጭ ላይ ያለውን ጭረት ስታይ ጠባሳው ስለ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት። ግቢው ውስጥ ለለቅሶው ድንኳን ካስማ መቆፈር የተጀመሩት ጉድጓዶች ገና አልተደፈኑም። ፎቶግራፏ ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ መስታወት ግን የለውም። ለቀስተኛው ልብሷን አውጥቶ እንደ ነገሩ ስለመለሰው ሳጥኗ ውስጥ ያለው በሙሉ ቦታው ተዛውሯል። የራሷ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ እየጠየቀች ነው ነገር የምታገኘው።

ማታ ማታ ሠራተኛዋን ድንቅነሽን አጠገቧ ታስቀምጥና፣ «እንዴት ነበር ያለቀሱልኝ? ማን ምን አለ?» ትላታለች። ድንቅነሽ መጀመሪያ እንቢ አለች። ኋላ ግን ትንሽ በትንሹ ሁሉንም ነገረቻት። ማን እንደወደቀ፣ ማን የውሸት እንዳለቀሰ፣ ደጀኔ እንዴት የእመቤቲቱን እጅ እንደያዘ። በመጨረሻም አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያሉትን ቃል። አትጠገብ ያን ጊዜ መጠየቋን አቆመች። ያን ቃል ደግመሽ ንገሪኝ ብላ ግን አንድ ጊዜ አስደገመቻት።

የከፋው ይህ አልነበረም። የመርዶ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ የእውነቱ ወሬ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው። ልጅቷ መኖሯን ዲላ ሲያውቅ ገጠሩ ገና ሞቷን እየሰማ ነበር። ከኮቸሬ፣ ከቡሌ፣ ከየመንደሩ ለቀስተኛ መምጣቱን አላቆመም። ከግቢው በር ጀምሮ እየጮኸ ይገባል፤ በረንዳው ላይ የሞተችውን ልጅ ተቀምጣ ያገኛታል። አንዱ ሽማግሌ ጭሰኛ አይቷት ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ሌላዋ እግሯ ላይ ወድቃ አልነሣም አለች። አትጠገብ ለሁሉም ተነሥታ ትሄድና እጃቸውን ይዛ ፊቷ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ትኩስ መሆኗን ካልነኩ አያምኑም። ጎረቤቶች ደግሞ በአጥሩ ማዶ፣ በቁሟ የተለቀሰባት ልጅ እንግዲህ ምን ዕድሜ ይኖራታል እያሉ ይንሾካሾካሉ። ትሰማቸዋለች። አትቆጣቸውም፤ ሳያውቁት ልክ መሆናቸው ብቻ ነው የሚያስፈራት።

* * *

ክሊኒክ ስትሄድ ሰው እየከበበ ስላስቸገራት ሚሲዮኖቹ ማይክሮስኮፑን በሣጥኑ አድርጎ ቤቷ ድረስ እንዲወስድ ወደ ክሊኒኩ ሥራው ለተመለሰው ለደጀኔ ፈቀዱለት። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ይወጣለታል፤ ወንበር ግን አይወጣለትም። ቆሞ ይወጋታል፣ ቆሞ መስታወቱን ያቀልማል፣ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙሮ ጎንበስ ብሎ ያያል። ያየውን ለዶክተር ጽጌማርያም ይጽፋል።

የዚያን ቅዳሜ አትጠገብ ቢጫውን ሻሽ አስራለች። ወይዘሮ አሰገደች በሩ ጋ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ጣትዎን ይስጡኝ» አላት።

ሰጠችው። ሲወጋት አልተንቀሳቀሰችም፤ ዓይኑን ነው የምታየው። «አንቺ በለኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንዴ አልቅሰው ጨርሰውኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል?»

ደጀኔ የደሙን ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ጣላት። እንደገና ሊወጋት ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። አንቺ ማለቱን ያወቀው ካለ በኋላ ነው። ሳቀች፤ ወይዘሮ አሰገደች ቀና አሉ፣ ሰሙ፣ ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

መስታወቱ ደርቆ ማየት ሲጀምር ግራዝማች ወጡ። ሌላ ቅዳሜ ከቤት አይወጡም፤ ደጀኔ እስኪሄድ ይጠብቃሉ። ዛሬ አጠገቡ ድረስ መጡ።

«ምን ይታያል?»

«ንጹሕ ነው፣ ግራዝማች።»

«ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ትላለህ። ድናለች ትሉኛላችሁ። ከዳነች ለምንድን ነው በየሳምንቱ የምትወጋት?»

ደጀኔ የማለውን አስቦ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አለ። ግራዝማች ከእሱ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ እሱ አዩ። አትጠገብ ተነሣች።

«አባባ፣ ጎንበስ ብለው ይዩ።»

ግራዝማች ለማንም ጎንበስ ብለው አያውቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ሽፋሽፍት ነበር፤ ደጀኔ እንዴት እንደሚያዩ አሳያቸው። ከዚያ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቀይ ቡና የተበተኑ ክብ ክብ ነገሮች አዩ።

«ይሄ ደሟ ነው?»

«አዎ፤ ደኅናው ደሟ» አለች አትጠገብ ራሷ። «ያንን የድሮውን ደግሞ አሳያቸው።»

ደጀኔ ሊከለክላት አያት። ራሷን ነቀነቀች። ከሣጥኑ ጥግ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የኖረውን፣ መጀመሪያ ጣቷን የወጋ ዕለት የሠራውን መስታወት አውጥቶ አስገባ። ግራዝማች አዩ። ሐምራዊ፣ ትልልቅ፣ እርስ በርስ የተጋፉ። ቀዩ ጥቂት ነው። ዓይናቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሡም።

«እነዚህ የት ሄዱ?» አሉ እንደ ጎነበሱ።

«ተደብቀዋል።»

«የት?»

«ዶክተሩም አያውቁም፤ እሱን ነው የሚመራመሩት። የእኔንም ደም የሚወስዱት ለዚያ ነው።»

«ይመለሳሉ?»

«ይመለሳሉ አባባ።»

ወይዘሮ አሰገደች እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። ግራዝማች ቀና አሉና ደጀኔን፣ «መቼ?» አሉት። እንደ ጌታ አይደለም የጠየቁት።

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ቢኖር በእግሬም ቢሆን ሄጄ እጠይቅልዎ ነበር። ሲመለሱ መጀመሪያ የማያቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ስመጣ ይኼን ሣጥን ተሸክሜ የምራመደው ይህንኑ እያሰብኩ ነው።»

አትጠገብ አባቷ ፊት ቆመች። ፊቷ አሁንም ከክኒኑ እንዳበጠ ነው፤ ግን ድምፅዋ የድሮው ነው።

«ይህን ያሳየሁዎት እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። አዝነውልኛል፤ አገር ሁሉ ሰምቷል። የሞትኩ ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያሉትን ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ግን የሰጡት ሬሳዬን ነው። እኔን አልሰጡም። ያንኑ ቃል አሁን፣ እየሰማሁዎት ይበሉት።»

ከበሩ በኩል ወይዘሮ አሰገደች ተናገሩ። ባላቸው ሲናገሩ ጣልቃ ገብተው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«ግራዝማች፣ እኔ ሁለተኛ ለቅሶ አለብኝ ማለት ነው» አሉ ጠባሳቸውን እየዳበሱ። «የመጀመሪያውን በጸጸት አለቀስኩት። እባክዎን ሁለተኛውን በጸጸት አያስለቅሱኝ።»

ግራዝማች ወደ ውስጥ ገቡ። ደጀኔ አለቀ አለና ማይክሮስኮፑን ወደ ሣጥኑ መመለስ ጀመረ፤ ክዳኑ አልገጥም አለው። አትጠገብ አልረዳችውም፤ እጆቿን አጣምራ በሩን ታያለች። ግራዝማች ተመልሰው ሲወጡ በገዛ እጃቸው ወንበር ይዘዋል። ከራሳቸው ወንበር ጎን አስቀመጡት።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ ድምፃቸው ተሰበረ፣ እንደገና ጀመሩ። «አንተ ልጅ፣ ምን ያቆምሃል? ተቀመጥ።»

ሽማግሌ እስኪመለስለት አይቀመጥም። ደጀኔ ይህን ያውቃል፤ አትጠገብም ታውቃለች። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ከቆሙበት ሥፍራ በላይ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። አትጠገብ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎትታ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ከግቢው በር ጩኸት ተሰማ። ከሩቅ ገጠር፣ ወሬው ዘግይቶ የደረሳቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። በልጅነቷ አቅፈው ያሳደጓት ናቸው፤ «የኔ አትጠገብ፣ የኔ አትጠገብ» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ይመጣሉ።

«እኔ ልሂድ» አለች አትጠገብ እንባዋን እየጠረገች። «ሌላ ሰው ቢነግራቸው አያምኑም።»

ወረደች። አሮጊቷ ሲያዩዋት ደንግጠው ቆሙ። እጃቸውን ወስዳ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዳሰሷት፤ አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ጸጉር የሌለውን ራሷን ዳሰሱ። ከዚያ ያዩት ምን እንደሆነ እንጃ፣ ለቅሷቸውን ግን አላቆሙም። አትጠገብ አቀፈቻቸው።

«ይሁን» አለቻቸው። «ከመጡ አይቀር ያልቅሱልኝ።»

ደጀኔ ከተቀመጠበት ሆኖ ይሰማል። ሮጦ ሄዶ ከአሮጊቷ እቅፍ ሊያወጣት፣ ደኅና ናት ብሎ ሊጮህ ፈለገ። ግን ከዚያ ወንበር አንዴ ከተነሣ የሚወስዱበት መሰለውና መደገፊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ።